ወፍ ቀጂው ሰውዬ ከእኔ ዳዊት ቀደመ

በደል ተፈጽሞብኛል። የእኔ አቤቱታ ቀድሞ ገብቶ ሳለ የአንድ ባሕር ማዶ የሚኖር ሽማግሌ አቤቱታ ከእኔ በፊት ታየ። እኔ የጠየቅሁት ዳዊት የምደግምበት ፊደል እንዲመለስልኝ ነበር። እሱ የጠየቀው የወፍ ድምፅ ለመስማት ነበር። በፍልሰታ ጾም፣ በገዛ ቤቴ፣ ባሳደግኋት ልጅ እጅ፣ ወፍ ከዳዊት ቀደመ። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ሌሎች ነገሩን ሲያወሩት እየሳቁ ነው። እኔ ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ልጅ የምላት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ኩልመስክ ባል አግብታ ስትሄድ እሷ እኔ ዘንድ ቀረች። ላሊበላ አደገች፣ ተማረች፣ አሁን በአንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። እንግዳ የጠፋበት ጊዜ ነበርና ሆቴሉ አዲስ ዕቃ መግዛት አልቻለም፤ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ አዲሶቹን ፕሮግራሞች መሸከም አቅቷቸው ከነአቧራቸው ተደርድረው ነበር። እሷ አንዷን ወደ ቤት አምጥታ ስትታገል ከረመች።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳና ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ዋና ፕሮግራም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ሁለት ሦስት ዓይነት ነው። የእኔ ልጅ ግን ማንም የማያውቀውን፣ ለአሮጌ ማሽን የሚመች አንድ ትንሽ ሲስተም ፈልጋ አገኘች። የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ደስ ስለሚላቸው ነው የሚሠሩት። ሁሉም ቢሰበሰቡ የአንድ ገጠር ደብር ግቢ አይሞሉም። ከከተማችን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሷና አንድ አስጎብኚ። አስጎብኚው በክረምት ሥራ ስለሌለው ከሆቴሉ አዳራሽ አይጠፋም።

ያቺ የመጣችው አሮጌ ላፕቶፕ በመጨረሻ የእኔ ሆነች። ዓይኔ ደክሞ የመጽሐፉን ፊደል መለየት አቅቶኝ ነበር። ልጅቷ ዳዊቱን በሙሉ ማሽኗ ውስጥ አስገባችልኝና አንዱን ፊደል የባቄላ ፍሬ አሳከለችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁና ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ከባሌ ጋር እየተጣላሁ ነው። ስለዚህ ሰው ሲያነብልኝ አልወድም። ራሴ ማንበብ እየቻልኩ በሰው አፍ መስማት ዕዳ ይመስለኛል። ማሽኗን ካገኘሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሬን ዘግቼ የዕለቱን ዳዊት እደግም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልተበደልኩም። የሚያናድደኝ ወፍ ቀጂው ሰውዬ ነበር።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ ነው፤ ብቻውን ጫካ ዳር ይኖራል አሉ። ዕድሜውን ሙሉ የወፍ ድምፅ ሲቀዳ ኖሮ፣ ያንኑ ትንሽ ሲስተም በአሮጌ ማሽኑ ላይ ሲጭን ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋበት። ማሽኑ ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያነባል፤ አይሰማም። እነዚህ ሰዎች ችግራቸውን የሚጽፉበት ሁሉም የሚያየው አንድ የጋራ ገጽ አላቸው። ሰውዬው እዚያ ላይ ጻፈ። እኔ ጋ ያለችው ልጅ መለሰችለት። እሱም መለሰ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን አጣኋት።

ቅናት ነው ካላችሁኝ አዎ፣ ቅናት ነው። ከሥራ ስትመለስ የጫማዋን ጭቃ ሳታራግፍ፣ ከሆቴሉ ይዛ የመጣችውን የሰውዬውን መልስ ለማየት የራሷን ማሽን ትከፍታለች። አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ በነገርኳት ነገር እንደዚያ ከሳቀች ቆይታለች።

«ዛሬስ ምን አለ ሰውዬሽ?» እላታለሁ።

«አሁንም ድምፁ አልመጣለትም» ትለኛለች፣ የታመመ ዘመድ እንደጠየቀች ሰው አዝና።

«ወፍ ለመስማት መስኮቱን መክፈት አይችልም?»

«እማዬ ደግሞ! አንዳንዶቹ ወፎች ከዚያ ጫካ ጠፍተዋል። የቀረው እሱ የቀዳው ድምፅ ብቻ ነው።»

«እኔስ ከዚህ ቤት ስጠፋ? የቀዳሽው ነገር አለ?»

«ጀመረሽ ደግሞ» አለችና ወደ ማሽኑ ዞረች።

ከሁሉ የከፋኝ አጠያየቋ ነበር። ለሰውዬው የምትጽፈውን አንዳንዴ ታነብልኛለች። መጀመሪያ ምን አደረጉ? ከዚያ ምን ሆነ? ምን ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር? ሰውዬው ረጅም መልስ ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ በትዕግሥት ሌላ ትጠይቀዋለች፣ ልክ እንደ ንስሐ አባት። እኔ ወገቤን አመመኝ ስል «እሺ እማዬ፣ ትንሽ ጋደም በይ» ነው መልሷ። ምን ስትሠሪ አመመሽ የሚል የለም።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ልጅቷ የሲስተሙ አዲስ እትም ወጣ ብላ በሁለታችንም ማሽን ላይ ጫነችው። በጾሙ መጀመሪያ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ዳዊቴን ስከፍት ፊደል የለም። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ንብ ጥሎት የሄደ ሰፈፍ ይመስላል።

ጮህኩ። ልጅቷ ፊቷን ሳትታጠብ መጣች።

«ምኑን ነው የተጫንሽው?» አለችኝ ገና ሳታየው።

«ምንም አልተጫንኩም።»

«የሆነ ነገር ሳትጫኚ አልቀረሽም።»

«በማለዳ ሌባ ታደርጊኛለሽ? ትናንት የጫንሽው አንቺ ነሽ!»

«እማዬ፣ እኔ ዝም ብዬ ጠየቅሁ።»

«ሰውዬሽን እንደዚህ ነው የምትጠይቂው?»

ይህን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ሥራ ረፈደብኝ ብላ ወጣች።

ከሥራ ስትመለስ ሥርዓቱን ነገረችኝ። ችግር ያለበት ሰው በጋራው ገጽ ላይ ይጽፋል፤ የሚያውቀው ያየዋል፤ ቀድሞ የጻፈ ቀድሞ ይታይለታል። ይህ ደስ አለኝ፤ ተራ ያለበት ነገር እወዳለሁ። የሰውዬው ድምፅ ግን ባለፈው እትም የጠፋ ነው፤ አዲሱ እትም ሲመጣ ሁሉም እንደገና መጻፍ አለበት አለች። እንግዲያው እኩል ነን አልኩና እሱ ሳይጽፍ ዛሬውኑ እንድንጽፍ አስቸኮልኳት። በእኔ ማሽን ላይ እኔ ተናገርኩ፣ እሷ በእነሱ ቋንቋ ጻፈች። ስትጨርስ ትርጉሙን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

«በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብላ ጀመረች።

«ማነው ያለው? እኔ አላልኩም።»

«እንደዚያ ካልተባለ ደስ አይልም።»

«እኔ ያልኩት የራሳችሁን ፊደል ትታችሁ የእኛን ብቻ ለምን አጠፋችሁ ነው። እሱን ጻፊ።»

እየሳቀች ጻፈችው። በማግስቱ ደብዳቤውን በፍላሽ ይዛ ሄዳ ከሆቴሉ ላከችው፤ እኛ ቤት ኔትወርክ አይረባም። ሰውዬው የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምናገረው ከእሷው አፍ ሰምቼ ነው፤ «ዛሬ እሱም ጻፈ» ብላ ነገረችኝ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። እስከዚያው ድረስ ጠዋት ከሥራ በፊት እሷ ከመጽሐፉ ታነብልኝ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ትቸኩላለች፣ ነጥቡን ትዘላለች።

«ቀስ በይ፤ ፍላቂት የሚሄድ ሚኒባስ አላመለጠሽም» እላታለሁ።

«አንቺ ራስሽ ከእኔ በላይ ትፈጥኛለሽ።»

«እኔ ስፈጥን ከእግዜሩ ጋር እንተዋወቃለን።»

ትስቅና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ግን በሰው አፍ መስማት ነው፤ ደስ አላለኝም። ደስ አላለኝም ብያታለሁ፣ በየቀኑ።

ቀናት አለፉ። ለእኔ አንድ መልስ አልመጣም። ለሰውዬው ግን ከየአገሩ ዘነበለት። አንዱ ይህን ሞክር አለው፣ ሌላው ያንን። የእኔዋም ያላትን ሁሉ ሞከረችለት። በምሳ ሰዓቷ ሳይቀር በእሱ ማሽን ዓይነት ላይ ለመሞከር ከሆቴሉ ማሽኖች አንዱን ፈታታችው አሉ። ይህን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሆቴሉ ዘበኛ ነው። ቤት አልገባሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ በዚያ ጭቃ ቀጥ ብዬ ወደ ሆቴሉ ወጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ ልጅቷና አስጎብኚው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር አለ።

«እማማ! በዚህ ጭቃ እንዴት ወጡ?» አለ አስጎብኚው ብድግ ብሎ።

«በእግሬ። ይኼ የማን ሆድ ነው?»

«የሰውዬው... ማለት እንደ ሰውዬው ያለ ማሽን ነው።»

«የእኔስ? የእኔ ደብዳቤ የታለ? ሁሉም ያየዋል ብለሽኛል። እኔም ልየው።»

ልጅቷ ገጹን ከፈተች። ከላይ የአዲስ አዲሱ ደብዳቤ ነው የሚቀመጠው። የሰውዬው አለ፤ ከሥሩ መልስ በመልስ ላይ ተደርቧል። የእኔ የለም። ወደ ታች ወረደች፣ የለም። አስጎብኚው አልተላከ ይሆናል አለ። እሷ በእጄ ነው የላክሁት አለች። በእማማ ስም ፈልጊው አላት። ፈለገችው፤ ተገኘም። ግን የተገኘው ከታች፣ ከታች፣ ከዓመታት በፊት የተጻፉ፣ ጸሐፊዎቹም የረሷቸው ደብዳቤዎች መሀል ተቀብሮ ነው።

አስጎብኚው ቀኑን አየና ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ ያዘ። አልቻለም። ወንበሩ ላይ ታጥፎ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኗ እኔ ጋ እንደመጣች ጥግ ላይ የምታሳየው ቀን የፈረንጅ ነበር። ዛሬ ማርያም ናት፣ ዛሬ ሚካኤል ነው የማይለኝ ቀን ምን ይሠራልኛል ብዬ አስለወጥኋት። ልጅቷ የእኛን አቆጣጠር ለብቻ የሚያሳይ ነገር ስላላገኘች የማሽኑን ቀን እንዳለ ወደ እኛ አዞረችው፤ ዓመቱን በእኛ ዓመተ ምሕረት፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት። እኔ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ደብዳቤው ደግሞ የተጻፈው በእኔ ማሽን ላይ ነውና የእኔን ቀን ይዞ ሄደ። ገጹ ላይ ሲደርስ ስንት ዓመት ያለፈው አሮጌ ደብዳቤ ሆኖ ታየ፤ ከአሮጌዎቹም ጋር ተቀመጠ። ማን ወርዶ ያየዋል?

«እማማ፣ ደብዳቤዎ እኮ እነዚህ ኮምፒውተሮች አዲስ በነበሩ ጊዜ የተላከ ነው የሚመስለው!» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«የእኛ ዘመን ልክ ነው። ቸኩለው የቆጠሩት እነሱ ናቸው።»

«አሁን ይህን ለእነሱ ልጻፍላቸው?»

«ጻፍላቸው። በአክብሮት የሚለውን ግን እንዳትጨምርበት።»

ልጅቷም መሳቅ ጀምራ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ያህል መንገድ የወጣሁት ለቀን ክርክር አይደለም።

«እነሱን ማርኳቸው» አልኳት። «ቀኑ አሳስቷቸዋል። አንቺስ? አንቺ እቤቴ ነው የምታድሪው። ፊደሌ የጠፋ ቀን ጩኸቴን ሰምተሻል። የእኔን ችግር ከገጽ ላይ ነው የምታገኚው?»

ሳቋ ቆመ። አስጎብኚው ሻይ ላምጣ ብሎ ወጣ፤ ሻይ ግን አላመጣም።

«ብቻዬን አልችለውም። እነሱ ያያሉ ብዬ ነው» አለች።

«ለሰውዬው ብቻሽን ሆድ ከፍተሻል።»

የተከፈተውን ማሽን አየች። እኔም ያለ መልስ አልቀመጥም ብዬ ወረድኩ።

በዚያው ቀን ደብዳቤዬን ትክክለኛ በሚሉት ቀን እንደገና ላከችው፤ የሆነውንም ከሥሩ ጻፈች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ መልስ መጥቷል አለች። የመለሰው ማን ነው? ወፍ ቀጂው ሰውዬ።

እንዲህ ይላል፦ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው መኖሩን አላወቅሁም፤ የልጅዎን ጊዜ ወስጃለሁ፤ ወፎቼ ይጠብቃሉ፣ መጀመሪያ የእርስዎ ይታይ። እውነቱን ለመናገር ይህ የባሰ አናደደኝ። የምትቀናበት ሰው ባለጌ ሲሆን ይቀላል፤ ትሰድበውና ይወጣልሃል። ይሄኛው ጨዋ ሆኖ ተገኘ። ለካ እሱም በወጣትነቱ ፕሮግራም ሲሠራ የኖረ ነው፤ የራሱ ድምፅ እንቢ ቢለውም የፊደል ነገር ያውቃል።

ጥያቄ ላከልኝ። ሁሉም ፊደል ነው ሳጥን የሆነው ወይስ ቁጥሩ ይታያል? በማሽኑ ውስጥ አማርኛ ደህና ሆኖ የሚታይበት ሌላ ቦታ አለ? መነጽሬን በነጠላዬ ጠርጌ፣ ማሽኗን ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ አየሁ። የፈረንጁ ቁጥር ደህና ነው። አራት ነጥቡ ሳይቀር ሳጥን ሆኗል። ከመስኮቱ አናት ላይ ያለው ዳዊት የሚለው ስም ግን በአማርኛ ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ ሳጥን የሆነው የውስጡ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት፤ ጻፈችለት። እሱ ሌላ ጠየቀ፤ እኔም መለስኩ። ምን ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር ሲለኝ «ብፁዕ ብሎ ይጀምራል ብዬ ነዋ» አልኩት።

ልጅቷ መጻፏን አቆመች።

«እኔ ስጠይቅሽ ሌባ አደረግሽኝ አልሽ» አለችኝ። «እሱ ሲጠይቅሽ መነጽርሽን ጠርገሽ ትመልሻለሽ።»

«እሱ በአክብሮት ነው የጠየቀኝ።»

«አክብሮቱን የተረጎምኩልሽ እኔ ነኝ!»

እንደዚያ ጮኻብኝ አታውቅም። ዓይኗ ውኃ ሞላ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይየው፣ ደስ አለኝ። ለካ እሷም ትቀናለች። ማንን ልታጣ ፈርታ እንደቀናች ግን በዚያን ሰዓት አልገባኝም፤ ሰውዬውን መሰለኝ።

ሰውዬው መልሴን ሁሉ ሰብስቦ ነገሩን ደረሰበት። ፊደላችን ከማሽኗ አልጠፋም፤ አዲሱ እትም ላይ የማንበቢያው ፕሮግራም ፊደሉን ካለበት ቦታ መፈለጉን ትቶ ነው። አጭር ማስተካከያ ላከ። አስጎብኚው በሆቴሉ ማሽን ላይ ሞከረው፣ ሠራ። ልጅቷ በእኔ ላይ ጫነችው፤ ጾሙ ሳይፈታ ዳዊቴ ተመለሰ። የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ፊደሎች፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው። ቀኑን ግን ወደ ፈረንጅ መለሰችው። ተከራክሬ አላሸነፍኩም።

ልጅቷን ጠርቼ «በይ አሁን ተራው የእሱ ነው፤ ወፎቹን ስሚለት» አልኳት። ተራ ተራ ነው። ለጠላቴም ቢሆን።

በፍልሰታ በዓል ዕለት ቅዳሴ ወጥተን አብረን ወደ ቤት ስንወርድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአሸተን ማርያም ተራራ ጉም ጥሎለት ወለል ብሎ ይታያል። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኔ ትሄዳለች። ያን ጥያቄ ይዤው ነው የከረምኩት፤ ሰው ሳይሰማን ልጠይቃት ብዬ ከሕዝቡ ቀረት አልኩ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አልኳት። «ሰውዬው ያገኘውን አንቺም ታገኚው ነበር። ፈልገሽ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ታገኚው ነበር። ለምን የእኔን ከሰውዬው ኋላ አደረግሽው?»

መንገዱ ላይ ኩሬ ነበር፤ እጄን ይዛ አሻገረችኝ፤ ከተሻገርን በኋላም እጄን አልለቀቀችም።

«ፊደሉ ደህና ሳለ በርሽን ዘግተሽ ታነቢ ነበር» አለች። «ሲጠፋብሽ ነው አልጋሽ ላይ አስቀምጠሽ አንብቢልኝ ያልሽኝ። ለምን ብዬ ልቸኩል?»